ፕሪንተሩ በራምሲስ አያልፍም

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ሰኔ 30 ቀን 2017፣ ወደ አመሻሹ ላይ መሃል ካይሮ የሚገኘው የራምሲስ የቴሌኮም ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። ካይሮዎች «ሰንትራል ራምሲስ» ይሉታል። በ1927 የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ መጀመሪያ ስልክ፣ ኋላም ኢንተርኔት ሲያገናኝ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በቃጠሎው አራት የቴሌኮም ኢጂፕት ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ፤ ከሃያ በላይ ሰዎች ተጎዱ። የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተለው ኔትብሎክስ የአገሪቱ ግንኙነት ከወትሮው ወደ 62 በመቶ መውረዱን አስታወቀ። የባንክ ካርድ አልሠራም አለ፣ በረራዎች ዘገዩ፣ በማግስቱ ማክሰኞ የግብፅ የአክሲዮን ገበያ ሳይገበያይ ዋለ።

በወቅቱ የመገናኛ ሚኒስትር የነበሩት አምር ታላዓት አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ማዕከላት እየተዛወረ መሆኑንና አገሪቱ በራምሲስ ላይ ብቻ እንደማትመካ ተናገሩ። ሰው ግን ያየውን አይቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ካይሮ ውስጥ ለተበላሸ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው አንድ ሆነ። ስልክ ሲቆራረጥ ራምሲስ፣ የቪዲዮ ጥሪ ሲንተባተብ ራምሲስ፣ ኤቲኤም ካርድ ውጦ ሲቀር ራምሲስ። ሊፍት ሲቆም እንኳ «ሰንትራሉ ነው» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም ነበር።

እኔ ካይሮ ውስጥ እንጀራዬን የምበላው ኬብል በመሳብ ነው። የምሠራውም በአብዛኛው ለሐበሻና ለሱዳን ትንንሽ ቢሮዎች ነው። በጊዛ በኩል፣ ከሙሀንዲሲን በስተምዕራብ አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሠፈር አለ። ቀይ ጡብ ፎቆቹ ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ቱክቱክ የሚተራመስበት፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና የሱዳን ዓረብኛ በአንድ ደረጃ ላይ የሚሰማበት ሠፈር ነው። እዚያ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚልክና የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጥ አንድ ቢሮ አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በዚያው ሰሞን ጎን ያለችውን ክፍል ጨምረው ተከራይተው ነበርና፣ የኮምፒውተሮቹን ገመዶች የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ስዊች የሚሉትን፣ አዲስ ገዝቼ ሁለቱን ክፍሎች በወጉ እንዳገናኝላቸው ተነጋግረን ነበር።

ቀኑ ሳይደርስ ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ራምሲስ ዛሬም ጉድ ሠራን። ቲኬት መቁረጥ አቃተን። ለሰዎቹ ደውልልን እስቲ» አሉኝ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሰላም ነው፤ ወደ ማታ ግን ይሞታል። የካይሮ ሐምሌ ደግሞ ሥራው ማታ ነው። ቀን ፀሐዩ ሰውን ቤቱ ይዘጋበታል፤ ደንበኛ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣው ከመሸ በኋላ ነው። የእሳቱ ጉዳት ገና ያልዳነ መስመር፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲጠቀም የሚጨናነቅ ኢንተርኔት፤ አሳማኝ ነበር። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ጋ የደወለ ሰው ሁሉ የሚያገኘውም ይህንኑ መልስ ነበር።

ማታ ሄድኩ። ከሕንፃው ሥር የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ግብፃዊ አለ። ቦርሳዬን አየና «ሰንትራሉ ነው ያ ባሽሙሀንዲስ፣ አትልፋ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ኳስ ጨዋታ ያሳያል፤ ምስሉ ጥርት ብሎ፣ አንዴም ሳይቆም። «ይሄ በምን ነው የሚሠራው?» ስለው በቤቱ መስመር መሆኑን ነገረኝ። እንግዲህ ይኼው ሠፈር፣ ይኼው ሕንፃ፣ ይኼው የስልክ ሳጥን። ከላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግን ኢንተርኔት ሞቷል።

ቢሮው ገብቼ ራውተሩን አየሁት። የመስመሩ መብራት አረንጓዴ ነው፤ አይርገበገብም። ላፕቶፔን በኬብል ሰክቼ ራውተሩን ፒንግ አደረግሁት፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጥራት ማለት ነው። መልስ የለም። አንዳንዴ አንዲት መልስ ትመጣለች፤ እሷም ሦስት ሺህ ሚሊሰከንድ ፈጅታ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው «አየህ፣ ራምሲስ» አሉኝ። እኔም ቀጥዬ ፕሪንተሩን ፒንግ አደረግሁት። ፕሪንተሩ ከጠረጴዛው ሁለት ክንድ አይርቅም። እሱም አይመልስም። ነገሩ ለእኔ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ የሚሄደው መልእክት ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ እንኳን በራምሲስ፣ በበሩም አያልፍም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከራውተሩ ወደ አሮጌው ባለ ስምንት ፖርት ስዊች የሚሄደውን አንድ ገመድ ነቀልኩ። የጋሼ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። ዋይፋዩ ነቅቶ የተጠራቀመው የዋትሳፕ መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ገባ። ገመዱን መለስኩት፤ ስልኩ ዝም አለ። ነቀልኩት፤ ነቃ። ራምሲስ ነፃ ወጣ። ኢንተርኔቱ በራችን ድረስ በጤናው ይደርሳል፤ የሚገድለው ቤት ያለው ነገር ነው።

አሁን ጥያቄው የትኛው ገመድ ነው የሚለው ሆነ። የስዊቹን መብራቶች አስተውዬ አየኋቸው። ጤነኛ ስዊች ላይ መብራቶቹ እንደየሥራቸው ነው ብልጭ የሚሉት፤ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ያርፋል፣ ሌላው አልፎ አልፎ ይጠቅሳል። እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ምት፣ ከመፍጠናቸው የተነሳ የበሩ እስኪመስሉ ድረስ ይርገበገባሉ። ማንም የማይሠራባቸው ኮምፒውተሮች ማራገቢያቸው ይጮሃል። አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ወደ አዲሷ ክፍል የሚሄደውን ገመድ ስነቅል የቀሩት መብራቶች ባንዴ ረገቡ፤ ፕሪንተሩም መለሰ፤ አንድ ሚሊሰከንድ።

አዲሷ ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ባለ አምስት ፖርት ትንሽ የፕላስቲክ ስዊች ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቴን አጥፌ ቆጠርኩ። አምስቱም ፖርቶች ሞልተዋል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ገመድ ከዋናው ክፍል የመጣው ነው። ሁለት እና አንድ ሦስት። የቀሩት ሁለቱ የምን ናቸው? አንደኛውን ይዤ በጣቴ ተከተልኩት። በጠረጴዛው እግር ዞሮ፣ ከቅርጫቱ ኋላ አልፎ፣ ተጠማዞ መጣና እዚያችው ስዊች ላይ፣ አጠገቡ ያለው ፖርት ውስጥ ገባ። ሁለቱ የአንድ ገመድ ጫፎች ነበሩ።

ጠዋት የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፤ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይዞ ይሄዳል። ላፕቶፑን ሲነቅል ገመዱ መሬት ላይ ይቀራል። ማታ የምትገባው እህት ደግሞ ቤት የተዝረከረከ የማይሆንላት ሰው ናት። «ሰው እንዳይጠልፈው ብዬ ነው ወንድሜ። ክፍት ቀዳዳ አየሁ፣ ልኩ ነው፣ ሰካሁት» አለችኝ። ልኩ መሆኑስ እውነት ነው። ጠዋት ልጁ ሲመጣ ጫፉን ነቅሎ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፤ ኔትወርኩ ይድናል። ማታ እሷ ትመልሰዋለች፤ ይሞታል። ራምሲስ ጠዋት ድኖ ማታ የሚታመመው በዚህ ነበር።

ጋሼ ግን አልዋጥ አላቸው። «አንድ ገመድ እንዴት አድርጎ ይህን ሁሉ ያቆማል? ምንም ያልተሰካበት ነገር አይደል፤ ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው» አሉ። ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያሉ መሐንዲሶች የተጨነቁበት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዚያ ቀደም ብሎ ከተሠራ አንድ ነገር ይጀምራል።

በሜይ 1973 ካሊፎርኒያ ባለው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካልፍ የተባለ መሐንዲስ ኮምፒውተሮችን በአንድ የጋራ ገመድ ስለማገናኘት ማስታወሻ ጻፈ። ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖ ሠራው፤ ኤተርኔት አሉት። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። ሁሉም በአንድ ገመድ ላይ ነው የሚናገረው፤ ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል ከጀመሩ መልእክታቸው ይጋጫል፣ ሁለቱም ያቆሙና በዕጣ የወጣላቸውን ቅጽበት ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። ገመዱ ሁለት ጫፍ ያለው ቀጥ ያለ ነገር ስለነበረ መልእክት እየዞረ ሊመለስ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በኤተርኔቱ መልእክት፣ ፍሬም በሚሉት፣ ላይ «ስንት ጊዜ አለፍኩ» የሚል ቁጥር አልተጻፈበትም። ከእሱ በላይ የሚጓዘው የኢንተርኔቱ መልእክት ግን ይህ ቁጥር አለው፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ፍሬም ዕድሜ የለውም። መንገድ እስካለ ድረስ ይሄዳል።

ኮምፒውተር ሲበዛ አንዱ ገመድ አልበቃ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ማርክ ኬምፍ በሁለት ገመዶች መካከል የሚቀመጥ ሳጥን አሰበ። ብሪጅ ይሉታል። ሳጥኑን ማንም አያስተምረውም፤ ራሱ ይማራል። ከዚህ በኩል የሚመጣውን ፍሬም የላኪ አድራሻ ያያል፣ «ይህ ሰው በዚህ በኩል ነው» ብሎ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው የተላከውን በዚያ በኩል ብቻ ያስተላልፋል። በ1990 ካልፓና የተባለ ትንሽ ኩባንያ ይህንኑ ሐሳብ ሰባት ፖርት ባለው ሳጥን አድርጎ ለገበያ አቀረበ፤ ስዊች የሚለው ስም የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1994 ሲስኮ ኩባንያውን ገዛው። ዛሬ ጠረጴዛ ሥር የምትጣለዋ የፕላስቲክ ሳጥን የዚያ ልጅ ናት፤ የምታውቀውም ያንኑ ነው፤ ከላኪው ትማራለች፣ ለተቀባዩ ታደርሳለች።

የማታውቀውን አድራሻ ሲያጋጥማትስ? ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ትልካለች። ለሁሉም የታወጀ ፍሬምም አለ፤ ብሮድካስት የምንለው። ኮምፒውተር ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ እንደ አዋጅ ነጋሪ «192.168.1.1 የማን ነው? ይመልስልኝ» እያለ ይጣራል፤ ይህ ጥሪ ለሁሉም መድረስ አለበት። አሁን የሁለት ጫፉን ገመድ ጨምሩበት። ጥሪው ወደ ትንሿ ስዊች ይገባል። በአራተኛው ፖርት ይወጣል፣ በገመዱ ዞሮ በአምስተኛው ይመለሳል። ስዊቿ አዲስ ጥሪ የመጣ መስሏት በሁሉም ትልከዋለች፤ በአራተኛው ጭምር። በአምስተኛው የወጣው ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። አንድ ጥሪ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ፣ ማብቂያ በሌለው መንገድ ይሽከረከራል፤ በዞረ ቁጥር ቅጂውን ወደ ቢሮው ሁሉ ይበትናል። በአንድ ጊጋቢት ገመድ ላይ በሰከንድ 1,488,095 ትንንሽ ፍሬሞች ያልፋሉ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ጥሪ ማየት ግድ ስለሆነበት ነው ማራገቢያው የሚጮኸው። ፕሪንተሩም የሚሰማው ይህንን ብቻ ነው፤ የጋሼ ቲኬት በዚያ መሃል መንገድ አያገኝም።

በነገራችን ላይ የድሮ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ቀደም ባለው ጊዜ ስዊችን ከስዊች ለማገናኘት ውስጡ የተሻገረ ልዩ ኬብል፣ ክሮስ ኦቨር የሚባለው፣ ያስፈልግ ነበር። ተራውን ኬብል ከፖርት ወደ ፖርት ብትሰኩት መብራቱ አይበራም። በኋላ ፖርቶቹ ራሳቸው እንዲያስተካክሉት ተደረገና የትኛውም ኬብል የትኛውም ቦታ ይሠራል። ሁላችንም ተገላገልን ብለን ደስ አለን። የእህታችን ጥንቃቄም ቢሮ ማቆም የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ 1980ዎቹ እንመለስ። ብሪጆቹ ሲበዙ ሰው ሁለት ነገር ማድረጉ አልቀረም፤ አንዳንዱ በስህተት ያዞራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ። ሆን ብሎ የሚያዞረው ምክንያት አለው። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌላ መጠባበቂያ እንዲኖረው ይፈልጋል። መጠባበቂያ መንገድ ማለት ግን ዙር ማለት ነው። በ1985 እዚያው ዲጂታል ውስጥ ራዲያ ፐርልማን የምትባል መሐንዲስ ይህ እንቆቅልሽ ተሰጣት። እሷ ራሷ ብሪጅ የሚባለውን ነገር እምብዛም አልወደደችውም ነበር፤ ሰው በሚገባ የተሠራ ራውተር መጠቀም ሲችል ለምን በዚህ ይለፋል ባይ ናት። ኋላ እንደ ተናገረችው አለቃዋ ለዕረፍት ሊወጣ ሲል ዓርብ ዕለት ሥራውን ሰጣት፤ በዚያው ሌሊት መፍትሔው መጣላት። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ጽፋ ጨረሰችው። አለቃዋ እስኪመለስ ሌላ ሥራ ላይ ልቧ አልረጋ ስላላት ስለ ፈጠራዋ ግጥም ጻፈች፤ ግጥሙ የሳይንሳዊ ጽሑፏ መግቢያ ሆኖ ታተመ። እንዲህ ያለ መግቢያ ያለው የኮምፒውተር ጽሑፍ አላየሁም።

ሐሳቡ ይህ ነው። ሳጥኖቹ በየሁለት ሰከንዱ አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱም ቁጥሩን ይናገራል። ትንሹ ቁጥር ያለው ሥር ይሆናል። ሌሎቹ ወደ ሥሩ የሚያደርሳቸውን አጭሩን መንገድ ይመርጣሉ፤ የቀረውን መንገድ ሁሉ ይዘጉታል። ገመዱ ተሰክቶ ይቀመጣል፣ ግን አያሳልፍም። ዋናው መንገድ ሲበጠስ የሁለት ሰከንዱ መልእክት ይቀራል፤ ያኔ የተዘጋው ይከፈታል። ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። በ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። አለቃ የለው፣ ካርታ የለው፤ ሳጥኖቹ ተነጋግረው ብቻ ይስማማሉ። ከራምሲስ ቃጠሎ በኋላ ካይሮ ውስጥ ሰው ሁሉ «መጠባበቂያው የት ነበር?» ሲል እኔ የማስበው ይህችን ሴት ነበር። መጠባበቂያ መንገድ ማበጀት አንድ ነገር ነው፤ ሳይፈለግ ተዘግቶ፣ ሲፈለግ በራሱ የሚከፈት መንገድ ማበጀት ግን ሌላ ነው።

መፍትሔው ግን ወሰን አለው። በኖቬምበር 2002 ቦስተን ውስጥ ቤተ እስራኤል ዲያኮነስ የሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ ለአራት ቀን ያህል ወደቀ። ስዊች በስዊች ላይ ሲቀጠል ኖሮ ሳጥኖቹ የሚነጋገሩበት ርቀት ከሚፈቀደው ከሰባት ስዊች አልፎ ነበር። ብዙ መረጃ ባንዴ ሲላክ መልእክቶቹ መድረስ ተሳናቸው፣ የተዘጉት መንገዶች ተከፈቱ፣ ዙሩ ተጀመረ። ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በሰው እግር ይላክ ጀመር። የሆስፒታሉ የመረጃ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ነገሩን ከመሸፋፈን ይልቅ ሌሎች እንዲማሩበት በዝርዝር ለአደባባይ አወጣው። ለዚህ አከብረዋለሁ።

የጋሼ ባለ አምስት ፖርት ስዊች ግን ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ነገር አልሰማችም። ርካሽ ስዊች ላይ ይህ አይገባም፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍም «ሰክተህ ተጠቀም» ብቻ ይላል። ይባስ ብሎ፣ ዋናው ስዊች ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከእሱ ማዶ ባለች ደንቆሮ ስዊች ውስጥ የተሠራን ዙር ሊፈታው አይችልም፤ ቢበዛ ዙሩን አውቆ ያንን ክፍል ይቆርጠዋል። ስለዚህ ትንሿን አወጣኋት፤ ለአዲሷ ክፍል ከዋናው ስዊች ቀጥታ ገመድ ለመሳብ ወሰንን።

የገዛነው ባለ 16 ፖርት፣ በብራውዘር የሚስተካከል ስዊች ነው። መሃል ከተማ ቡስታን የገበያ ማዕከል የኮምፒውተር ዕቃ ሞልቶ ይሸጣል። ኬብሉን ስገዛ ነጋዴው ፊት አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅሁት፤ ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ለዓመታት የሚቆይ ሥራ አይሠራበትም። ቀይ ሆኖ ከዘለቀ መዳብ ነው። ስዊቹን ወለል ላይ አላኖርኩትም። የካይሮ አቧራ የት እንደሚገባ ካይሮ የኖረ ያውቃል። በደረት ከፍታ ግድግዳ ላይ አስሬ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ነፃ ትቼ፣ ከራውተሩም አራርቄ ሰቀልኩት።

ከዚያ ጫፍ መሥራት ነው። የኬብሉን ቆዳ ገፍፌ ስምንቱን ሽቦ አስተካክላለሁ፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። የተጠማዘዙት ጥንዶች ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም ሳያልፉ መፈታት አለባቸው፤ ጥምዝምዙ ነው ከጎረቤት ሽቦ የሚመጣውን ጫጫታ የሚያጠፋው። በአንድ ምላጭ ቁርጥ አድርጌ እኩል አደርጋቸዋለሁ፣ በጣት ጨብጬ አርጄ 45 የሚባለው መሰኪያ ውስጥ አስገባለሁ፣ ስምንቱም ከፊት ግድግዳው ድረስ መድረሳቸውን በብርሃን አይቼ በክሪምፐር እጨብጠዋለሁ። ቆዳውም አብሮ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሲጎተት ይወልቃል። እህታችን አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ላይ በወረቀት ምልክት ለጠፈችልኝ፤ የእሷ የንጽህና ፍቅር እዚህ ላይ ከእኔ ሙያ በለጠ።

የቀረው በላፕቶፕ የሚሠራ ነው። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የይለፍ ቃል መጀመሪያ ቀየርኩ። ራውተሩ ለኮምፒውተሮች ከሚያድላቸው አድራሻዎች ውጪ 192.168.1.2 የሚለውን ሰጠሁት፤ ነገ ስፈልገው እንዳይጠፋኝ። ስፓኒንግ ትሪውን አበራሁ፤ በ2001 የወጣውን ፈጣኑን ዓይነት። አሮጌው ዓይነት ገመድ በተሰካ ቁጥር መንገዱን እስኪመረምር ሠላሳ ሰከንድ ያህል ያስጠብቃል፤ ላፕቶፑን የከፈተ ሰው «ደግሞ ሞተ» ማለቱ አይቀርም። ኮምፒውተር ብቻ የሚሰካባቸውን ፖርቶች ለይቼ ነገርኩት፣ ቶሎ እንዲከፍታቸው። ሉፕ ዲቴክሽን የሚለውን፣ ዙር መኖሩን አውቆ የሚቆርጠውንም፣ አበራሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሰው ሌላ ባለ አምስት ፖርት ስዊች ይዞ ቢመጣ። በመጨረሻም «ሴቭ» የሚለውን ተጫንኩ። ይህን አትርሱ። ብዙ ስዊቾች ያስተካከላችሁትን ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይረሱታል፤ በ2024 በጋ ካይሮ ውስጥ መብራት በቀን እስከ ሦስት ሰዓት ይጠፋ ነበር።

ጋሼ ሳያዩ አያምኑምና ያንኑ ገመድ፣ የችግሩን ገመድ፣ አመጣሁና ሁለቱንም ጫፍ እፊታቸው አዲሱ ስዊች ላይ ሰካሁ። ላፕቶፑ ላይ ፕሪንተሩ እየተጠራ ነው። አንደኛው መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላኛው ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። ፕሪንተሩ መመለሱን አላቋረጠም፤ አንድ ሚሊሰከንድ፣ አንድ ሚሊሰከንድ። የስዊቹ መዝገብ ላይ ፖርቱ መዘጋቱ ተጽፏል። የፐርልማንን ነገር አጫውቻቸው ነበርና፣ ጋሼ ብርቱካናማዋን መብራት ጎንበስ ብለው አዩና «እሷ ናት ያ የሴትዮዋ ሥራ?» አሉኝ። አዎ፣ እሷ ናት።

ቢሮ ያላችሁ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ለአገልግሎት ሰጪው ከመደወላችሁ በፊት ከራውተሩ ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ገመድ ንቀሉና በስልካችሁ ዋይፋዩን ሞክሩ፤ ከሠራ ችግሩ እቤት ነው። ስዊች ልትገዙ ከሄዳችሁ ደግሞ ከዋጋው አስቀድማችሁ «ሉፕ ዲቴክሽን አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስንት ፖርት እንዳለው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።